የታጁ ቢጫ ካርድ

"አንድ" አለ ሳዲቅ አውራ ጣቱን እያጠፈ። "ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ የእጅ ውርወራ አዘግይተሃል ተብዬ። ሁለት፣ ሐዋሳ ላይ። ያን ረጅም ልጅ ጎትቼዋለሁ፣ አልክድም። ሦስት፣ እሷም ትገባኛለች። አራት፣ ባለፈው ወር። አምስተኛዋ የታለች፣ እትዬ ብዙ? እስቲ አሳዪኝ!"

የክለቡ ጸሐፊ ብዙወርቅ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ደብዳቤውን ከኮምፒውተሩ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የደረሳት። "ተጫዋች ሳዲቅ ታጁ፣ መለያ ቁጥር 3፣ በ29ኛው ሳምንት ጨዋታ ማልያ በማውለቅ ላሳየው ያልተገባ ባህሪ አምስተኛ የማስጠንቀቂያ ካርድ የተመዘገበበት ስለሆነ፣ በ30ኛው ሳምንት ጨዋታ የማይሰለፍ መሆኑን እንገልጻለን" ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ቅሬታ ያለው ክለብ እስከ ሐሙስ 11፡00 ሰዓት በጽሑፍ በኢሜይል ያቅርብ ይላል። ሐሙስ ዛሬ ነው።

"ማልያ በማውለቅ ነው የሚለው" አለች።

"እኔ? እኔ ማልያ? ልጆቹ እኮ ሻወር ቤት በቲሸርት ነው የሚገባው እያሉ ነው የሚስቁብኝ!"

ይኼ እውነት ነው። ሳዲቅ ታጁ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ የግራ መስመር ተከላካይ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከሰው ፊት ካልሲ እንኳ ሲያወልቅ ፊቱን የሚያዞር ሰው። በበሰቃ ስፖርት ክለብ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጫወት አንድም ቀን ታግዶ አያውቅም። ቅዳሜ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ለእሱም የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ኳስ አቆማለሁ ብሏል። ለዚሁ ቀን ብሎ አባቱን ከወራቤ አስመጥቷል። አባቱ ሐጂ ታጁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ኳስን "የሥራ ፈት ሩጫ" እያሉ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጨዋታ አላዩም። ዘንድሮ ግን "ካቆምክ እንግዲህ ማቆምህን በዓይኔ ልየው" ብለው መጡ።

"ሂድ ልምምድህን ሥራ። እኔ አጣራለሁ" አለችው።

"አደራ፣ እትዬ ብዙ። በአላህ ይዤሻለሁ።"

ሳዲቅ ሲወጣ ብዙወርቅ የሊጉን ፋይል ከመደርደሪያው አወረደች። ለነገሩ ምን እንደምታገኝ ገና ፋይሉን ሳትከፍት ጠርጥራለች። እሑድ እለት ጨዋታውን ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን አይታለች። ማልያውን ማን እንዳወለቀ እሷ ብቻ ሳትሆን ቃሊቲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቃል።

የዘንድሮው ሊግ ለበሰቃ የጀመረው በስድስት ተከታታይ ሽንፈት ነበር። አሰልጣኙ ተባረረ። ምክትሉ ተተካና ሦስት ጊዜ አቻ ቢወጣ እንደ ጀግና ታየ። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለሚካሄድ ቡድኑ ከሆቴል ሆቴል ሲንከራተት ከረመ፤ የቃሊቲ ሰው የራሱን ቡድን የሚያየው በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ነው። ጥር ላይ ደጋፊው ቡድኑን ቀብሮ፣ አፈር አልብሶ፣ እዝን ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ከሁለተኛው ቡድን ታጁ የሚባል ልጅ አደገ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አጥቂ፣ አባቱ በሰቃ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። በሁለተኛው ዙር አሥራ አንድ ጎል አገባ። ሬሳው ተነሥቶ ሄደ። አሁን ቡድኑ አሥራ ሦስተኛ ነው፤ ቅዳሜ አዳማ ላይ የሚገጥመው አሥራ አራተኛውን ነው፤ የሚለያያቸው ሁለት ነጥብ ነው። አቻ ከወጣ ይተርፋል። ከተሸነፈ ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ ባለቤቱ ፋብሪካ ክለቡን እንደሚዘጋው ሳይደብቅ ተናግሯል። ዘበኛውን ጨምሮ አርባ አንድ ሰው ከዚህ ክለብ እንጀራ ይበላል። ብዙወርቅም አንዷ ናት፤ እዚህ መሥራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

የልጁ ሙሉ ስም ታጁ ሳዲቅ ነው።

ዝምድና የላቸውም። አንዱ የሳዲቅ ልጅ ታጁ ነው፣ አንዱ የታጁ ልጅ ሳዲቅ። የሁለቱም ቤተሰብ ከስልጤ የመጣ ነው፤ እዚያ እንዲህ ያለ መገጣጠም ብርቅ አይደለም፤ በቡድኑ ውስጥም እስከዛሬ ከቀልድ አልፎ አያውቅም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የሊጉን ቅጽ ግን መልአክ አላወጣውም። ቅጹ እንደ ፈረንጅ የአባትን ስም ከፊት ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ "ታጁ" ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሳዲቅን ነው።

እሑድ የሆነው እንዲህ ነው። በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ታጁ ማሸነፊያዋን ጎል አገባ፤ ማልያውን አውልቆ ወረወረና ወደ ማዕዘን ባንዲራው ሮጠ። ጓደኞቹ ተከመሩበት። ሳዲቅ ከኋላ መስመር ድረስ ሮጦ መጣና የወደቀውን ማልያ አንሥቶ "ልበስ አንተ፣ ልበስ!" እያለ በልጁ ጭንቅላት ሊያጠልቅለት ይታገላል። ዳኛው ቢጫ ካርዱን ከዚያ ክምር በላይ አወጣ። ቁጥር የለ፤ ማልያው ከሰውነቱ ላይ አይደለም። ደጋፊው ግን "ታጁ! ታጁ!" እያለ ሜዳውን ያናውጣል።

ፋይሉ ውስጥ ካለው የጨዋታ ሪፖርት ጋር የዳኛው የእጅ ጽሑፍ ተያይዟል። "89' ታጁ፣ ማልያ ማውለቅ" ይላል፤ ሌላ የለውም። ይህን ወደ ቅጹ የገለበጠው ሰው ታጁን ፈለገ፣ አገኘ፣ ጻፈ። ታጁ፣ ሳዲቅ። ቁጥር 3።

ብዙወርቅ ገጹን ገለበጠች። ከታች "የክለቡ ማረጋገጫ" የሚል ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ "ትክክል ነው" ተብሎ ተጽፏል፤ ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው። ፊርማውም የእሷ ነው።

ሪፖርቱ ሰኞ ጠዋት ነበር የመጣው። ቢሮው በእንኳን ደስ አለን ተሞልቶ፣ ስልኩ አላርፍ ብሎ፣ ዘበኛው እንኳ ሳይቀር እየዘፈነ። ውጤቱ ሁለት ለአንድ መሆኑን አየች፤ ፈረመች፤ መታች፤ ላከች። የካርዱን ዝርዝር ዓይኗ አልነካውም።

"ወይ ጉዴ" አለች ለብቻዋ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ተክሌ ቢሮው ከእሷ ቢሮ ቀጥሎ ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። አያቸው፤ ግን እንደ አዲስ ነገር አላያቸውም።

"አውቀህ ነበር?" አለችው።

"ጠዋት ደብዳቤው ሲመጣ ገባኝ።"

"እና?"

"ምን እና አለው? እግዚአብሔር ራሱ ያደረገው ነው፣ ብዙዬ። ታጁም ሳዲቅም አራት አራት ነበራቸው። አምስተኛዋ በታጁ ብትመዘገብ አጥቂ የለንም ነበር። በሳዲቅ ተመዘገበች። ለሳዲቅ ምትክ አለን፣ ለታጁ ምትክ የለንም። በቃ፣ አለቀ።"

"ያላጠፋ ሰው ነው እኮ የታገደው።"

"ዳኛ የጻፈው ነው ሕግ።"

"ዳኛው 'ታጁ' ነው ያለው። ልክ ነው የጻፈው። የተሳሳተው ቅጹ ነው፣ እኔም ሳላይ ፈረምኩበት።"

ተክሌ በሩን ሄዶ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ክፉ ሰው አይደለም። ከሂሳብ ክፍል አንሥተው እዚህ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት አልቅሶ ነው የመጣው፤ ኳስ አያውቅም ነበር፤ አሁን ደግሞ ቡድኑ ሲሸነፍ ምሳ አይበላም።

"አየሽ፣ ይኼን ብትነካኪው መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው? የምዝገባ ጉዳይ በጸሐፊ ፊርማ ነው የሚሄደው። ፋብሪካው ደግሞ ሰበብ ነው የሚፈልገው። አጥቂውን ያሳገደች ጸሐፊ ብለው ያባርሩሻል። ጡረታሽ ስንት ዓመት ቀረው?"

"ሦስት።"

"ታዲያ! ሳዲቅ ትልቅ ሰው ነው፤ ቢነገረው ይገባዋል።"

"ስለሚገባው ነው የምንቀጣው?"

ተክሌ ብዕሩን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ብዙወርቅ ወደ ሜዳው ወጣች። የሰኔ ጭቃ ነው፤ ተጫዋቾቹ ልምምድ ጨርሰው አጥሩ ሥር ጫማቸውን በእንጨት ይፍቃሉ። ከአጥሩ ማዶ የጭነት መኪናዎች ተደርድረው ጡሩምባ ይነፋሉ። ታጁ ውሃ በአናቱ እያፈሰሰ ነበር፤ ሲያያት ሳቀ። ይህ ልጅ ሲስቅ ሰው መቆጣት ይከብደዋል።

"ታጁ፣ እሑድ ቢጫ ያየኸው አንተ ነህ?"

"ወረቀቱ ምን ይላል፣ እትዬ ብዙ?"

"አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

"እኔ እኮ ጎል ነው የማገባው። ካርድ የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት።"

"ተው፣ አትቀልድ። ሳዲቅ እንደታገደ ሰምተሃል?"

ሳቁ ወረደ። ወደ ጓደኞቹ አየት አደረገና ድምፁን ቀነሰ። "ሰምቻለሁ። ጠዋት ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። ወላሂ ደንግጫለሁ። ግን ምን ልበል? ሄጄ እኔን እገዱኝ ልበል? ቅዳሜ ካልተሰለፍኩና ከወረድን በሰቃ መግባት አልችልም። ፋዘር ጋራዡ በር ላይ ፎቶዬን ለጥፏል፤ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።"

"ሳዲቅን አናግረኸዋል?"

"ዓይኑን ማየት ከብዶኛል።" የውሃውን ጠርሙስ ጨምቆ ጣለው። "ማልያውን ያለበሰኝ እኮ እሱ ነው።"

ከዚህ በላይ የምትጠይቀው አልነበራትም። ልጁ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን ከአፉ ሊያወጣው ያልፈለገው ሁሉም እንዳልፈለጉት ነው። ብዙወርቅ ተናደደች። በማን እንደተናደደች ለይታ ለማወቅ አልሞከረችም፤ ብትሞክር ወደ ራሷ እንደሚመጣ ታውቃለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሳዲቅ ተመልሶ ቢሮዋ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፤ ልብሱን ቀይሯል። አልተቀመጠም።

"ተዪው፣ እትዬ ብዙ።"

"ምኑን?"

"ጋሽ ተክሌ አነጋገረኝ። እውነቱን ነው። እኔ አንድ ጨዋታ ብጫወት ብቀር ምን አመጣለሁ? ልጁ ከቀረ ግን አርባ አንድ ሰው ነው የሚበተነው። እኔ ምስክር አልፈልግም፣ አላህ አይቷል።"

"ጠዋት 'አደራ' ብለኸኝ አልነበር?"

"ጠዋት ተናድጄ ነበር።" እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አባቴ እህቴ ሱቅ ነው ያለው፣ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ። ቅዳሜ እንደማልሰለፍ መንገር አለብኝ። እኔ ብነግረው ደብቀኸኛል ይለኛል። ከቢሮ የመጣ ሰው ሲነግረው ግን ያምናል። እግሩን አሞት ነው በዪው። ሐኪም አረፍ በል ብሎታል በዪው። እባክሽ።"

ብዙወርቅ ሰው እንዲህ ሲለምናት እምቢ ማለት አትችልበትም። ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች።

ናዕማ፣ የሳዲቅ ታናሽ እህት፣ ሱቋ ከማረሚያ ቤቱ መንገድ ዳር ነው። ሳሙና፣ ሶፍት፣ ብስኩት፣ ነጠላ ጫማ ትሸጣለች። ዋና ሥራዋ ግን ስልክ ማስቀመጥ ነው፤ ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ እዚህ ያኖራል፤ ናዕማ በካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ስልኩ ከእንጨት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ቀኑን ሙሉ በየዓይነቱ ሲጮህ ይውላል። ሐጂ ታጁ ከሣጥኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ነጭ ቆብ ደፍተዋል፣ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ወደ ሰርግ ቤት የመጣ እንግዳ ይመስላሉ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ሐጂ። ብዙወርቅ እባላለሁ፤ የሳዲቅ ክለብ ጸሐፊ ነኝ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ተቀመጪ ልጄ። ናዕማ፣ ለስላሳ ስጫት።"

ተቀመጠች። ናዕማ ለስላሳውን ከፍታ ሰጠቻት፤ ዓይኗ ግን ከሁለቱም ሸሽቷል።

"የመጣሁት..." አለች ብዙወርቅ፣ "ስለ ቅዳሜ ነበር። ሳዲቅ እግሩን ትንሽ አሞታል፤ ሐኪሙ ደግሞ..."

"እግሩን?"

"አዎ፣ ጉልበቱ አካባቢ።"

"ትናንት መግሪብን ከእኔ ጎን ነው የሰገደው። ቁጭ ብድግ ሲል አየሁት። ከእኔ ይልቅ የእሱ ጉልበት ደህና ነው።" ሙስበሃውን ኪሳቸው ከተቱ። "ናዕማ፣ ያንን አንብቢላት።"

"አባ፣ ተው በቃ።"

"አንብቢላት አልኩሽ!"

ናዕማ ስልኳን አወጣችና ከአንድ የስፖርት ገጽ ላይ በዝግታ አነበበች። ሳዲቅ ታጁ፣ የበሰቃው ተከላካይ፣ ማልያ በማውለቁ፣ ቅዳሜ አይሰለፍም።

"ማልያ የሚሉት ልብሱን ነው አይደል?" አሉ ሐጂ።

"ነው።"

"ማውለቅ ያው ማውለቅ ነው?"

"ነው፣ ሐጂ።"

"እንግዲያውስ አስረጂኝ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ትልቋ ልጁ አሥራ አንድ ሞልቷታል፣ ቁርኣን ትቀራለች። ይኼ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በቴሌቪዥን፣ ልብሱን ጥሎ ራቁት ደረቱን ሮጠ? ዛሬ ጠዋት ከወራቤ ገበያ ሦስት ሰው ደወለልኝ። 'ሐጂ፣ ልጅዎ ምን ነካው?' ይሉኛል። እኔ ኳስ አላውቅም። ቢሸነፉ ቢያሸንፉ ለእኔ አንድ ነው። ግን ወሬው ሳዲቅ ብሎ አያቆምም፤ ታጁ ይላል። ታጁ ማለት እኔ ነኝ! አርባ ዓመት ከዚያ ገበያ ቆሜ ስሜን ማንም በክፉ አንሥቶት አያውቅም።"

አንዲት ሴት ከማረሚያ ቤቱ ወጥታ የካርቶን ቁጥሯን ለናዕማ አቀበለች፤ ናዕማ ሣጥኑን ፈትሻ ስልኩን አወጣች። ሴትየዋ ስልኳን ተቀብላ፣ ስንት ሰው እንደደወለላት እያየች ሄደች።

"ነገ ጠዋት ወደ አገሬ እመለሳለሁ" አሉ ሐጂ። "ለሳዲቅ ንገሪው። አልተቆጣሁም፣ አፍሬያለሁ በይልኝ።"

ብዙወርቅ ብዙ ደብዳቤ ጽፋለች። የሰው መባረር፣ የሰው መቀጣት፣ የሰው መሰናበት በእጇ አልፏል። አንድ ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን እንዲህ ተቀምጣ አይታ አታውቅም። "ማልያ በማውለቅ" ለእሷ የቅጽ ቋንቋ ነው፤ የተለመደ፣ ሰው የማይጎዳ። ለእኚህ ሽማግሌ ግን ልጃቸው በአደባባይ መራቆቱ ነው። ይኼን ሳዲቅም አላሰበውም፤ ቢያስበው ኖሮ "ተዪው" አይላትም ነበር።

"ሐጂ፣ ልጅዎ አላወለቀም" አለች።

ሽማግሌው ቀና አሉ።

"ያወለቀው ሌላ ልጅ ነው። ስሙ ታጁ ይባላል፣ ታጁ ሳዲቅ። የእርስዎ ልጅ ሳዲቅ ልብሱን ከመሬት አንሥቶ ሲያለብሰው ነበር። ወረቀት ላይ ስማቸው ተገለባብጦ ነው። እኔም ሰኞ ሳላነብ ፈረምኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሲያለብሰው?"

"ልበስ ልበስ እያለው። በቴሌቪዥን አይቻለሁ።"

ናዕማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አላልኩህም፣ አባ? ሳዲቅ አያደርገውም አላልኩህም?"

ሐጂ ታጁ ብዙወርቅን ትኩር ብለው አዩዋት፤ በዓይናቸው ግራ መጋባት እንጂ ቁጣ አልነበረም።

"ታዲያ ይኼንን ለምን አትጽፊውም? ጸሐፊ ነኝ አላልሽም?"

ስለ ክለቡ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ስለ አሥራ አራተኛው ቡድን፣ ስለ አጥቂው፣ ስለ አርባ አንዱ ሰው። ሁሉም እውነት ነበር። ከአፏ ግን የወጣው "ስንት ሰዓት ነው?" የሚል ነበር።

"ዘጠኝ ተኩል" አለች ናዕማ።

ታክሲ ይዛ ነበር፤ የጭነት መኪናዎቹ መንገዱን ዘግተውት ግማሽ ሰዓት ያለችበት ቆመች። ወርዳ በእግሯ ሄደች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ፤ ጃንጥላዋን ናዕማ ሱቅ ረስታው ካፊያው ደበደባት። ክለቡ በር ስትደርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ዘበኛው "ምነው እትዬ፣ በደህና?" ቢላት በእጇ ምልክት ሰጥታው አለፈች።

ወንበሯ ላይ ሳታርፍ ኮምፒውተሩን ከፈተች። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ለእሷ ውሃ መጠጣት ነው፤ ጣቶቿ ራሳቸው ያውቁታል። "ጉዳዩ፦ የካርድ ምዝገባ እንዲታረም ስለመጠየቅ። በ29ኛው ሳምንት ጨዋታ በ89ኛው ደቂቃ ማልያ በማውለቅ የማስጠንቀቂያ ካርድ የተሰጠው ተጫዋች ታጁ ሳዲቅ፣ መለያ ቁጥር 9፣ ሆኖ ሳለ፣ በስም መመሳሰል ምክንያት በተጫዋች ሳዲቅ ታጁ፣ መለያ ቁጥር 3፣ ስም በመመዝገቡ ስህተት የተፈጠረ በመሆኑ..."

ተክሌ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። እርጥብ ፀጉሯን አየ፤ ጫማዋን አየ፤ ከዚያ ጽሑፉን አነበበ።

"ወሰንሽ ማለት ነው።"

"ወሰንኩ።"

"ራሱ ሳዲቅ ተዪው ብሏል እኮ።"

"አባቱ አላሉም።"

"አባቱ ኳስ ምን ያውቃሉ?"

"ኳስ አይደለም የጠየቁኝ፣ ተክሌ። ልጄ ተራቁቷል ወይ ነው ያሉኝ።"

ተክሌ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ ክለብ ራሱ "አጥፊው የእኛ አጥቂ ነው" ብሎ ከጻፈ ማንም እንደማይከራከረው ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ የጻፈ ክለብ ግን እስከዛሬ ሰምተው አያውቁም።

"ብንወርድስ?"

"ብንወርድ እንወርዳለን።" የገዛ ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት። "እኔም ፈርቻለሁ። ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ፣ አንተ ራስህ ቆጥረህልኛል። ግን ያለ ታጁም አቻ መውጣት ይቻላል እኮ። ከታጁ በፊት ሦስቴ ወጥተናል።"

"ዜሮ ለዜሮ ነበር፣ ሦስቱም።"

"ዜሮ ለዜሮም አንድ ነጥብ ነው።"

ተክሌ ሳይወድ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። "ለልጁ ማን ይነግረዋል?"

"እኔ እነግረዋለሁ። ይኼ እንደሄደ ወጥቼ እነግረዋለሁ፤ ከቴሌግራም አይስማው።"

"ያለቅሳል።"

"አውቃለሁ።"

ወደ ደብዳቤው ተመለሰች። "ስህተት የተፈጠረ በመሆኑ" የሚለው ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይኼን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፈችው እግዚአብሔር ይወቅ። በቢሮ ደብዳቤ ውስጥ የሚሳሳት ሰው የለም፤ ስህተት ራሱ ይፈጠራል፣ መዘግየት ራሱ ይከሰታል፣ ሰነድ ራሱ ይጠፋል፣ ልክ ዝናብ በራሱ እንደሚዘንበው። በዚህች ዓረፍተ ነገር ማንም አይጠየቅባትም። ተክሌም ይኼን ስለሚያውቅ አንገቱን ነቀነቀላት፤ ደህና ናት፣ እንዲህ ትሂድ ማለቱ ነው።

ብዙወርቅ ሐረጉን አጠፋችው። በምትኩ ጻፈች፦ "ሰኞ ዕለት የደረሰኝን ሪፖርት ሳላነብ 'ትክክል ነው' ብዬ ፈርሜያለሁ። ተሳስቻለሁ።"

"ኧረ ይችን እንኳ አውጪያት!" አለ ተክሌ ከወንበሩ እየተነሣ። "በገዛ እጅሽ? ደብዳቤ እንዲህ አይጻፍም!"

አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። ወረቀቱን አተመችው፤ ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣችና ቀለሙን አስነክታ፣ "ተሳስቻለሁ" የምትለዋ ቃል እንዳትሸፈን ወረቀቱን ትንሽ ወደ ጎን ስባ መታችው።